ለመለስተኛ ብርድ ትልቅ ምድጃ

ቤትን በእንጨት ስለማሞቅ የሚሰጠው ምክር አብዛኛው የመነጨው በረዶ ለወራት ከሚተኛባቸው አገሮች ነው። በእነዚያ አገሮች ምድጃው ቀንም ሌሊትም ሳይጠፋ ስለሚነድ ትልቅነቱም፣ ክምር ማገዶውም፣ እሳት አዳፍኖ ማደሩም ምክንያት አላቸው። ቀን ፀሐይ በሚወጣበት፣ ሌሊት ቆንጠጥ የሚያደርግ ብርድ ባለበት፣ የውጭው አየር ግን ከዜሮ በታች እምብዛም በማይወርድበት አካባቢ ይኸው ምክር እንዳለ ሲወሰድ የጭስ ማውጫን ይደፍናል፤ የጎረቤትንም አየር ያበላሻል። በእኔ እምነት በመለስተኛ ብርድ እንጨት ማንደድን ከባድ የሚያደርገው ሙቀቱ ከሚፈለገው በላይ መብዛቱ ነው።

ነገሩ በቀላል ስሌት ይታያል። ከቤት አምልጦ የሚወጣው ሙቀት የሚበዛውና የሚያንሰው በውስጥና በውጭ መካከል ባለው የሙቀት ልዩነት ልክ ነው። ውስጡን 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ለማቆየት፣ ውጭው ከዜሮ በታች 20 ሲሆን 10 ኪሎዋት የሚፈልግ ቤት፣ ውጭው ከዜሮ በላይ 10 ሲሆን 2.5 ኪሎዋት ይበቃዋል። በደንብ የደረቀ አንድ ኪሎ ማገዶ ወደ 4 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ጉልበት አለው፤ ጥሩ የሆነ ባለ በር የብረት ምድጃ ከዚህ ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህሉን ለቤቱ ያደርሳል። ስለዚህ ይህ ቤት በመለስተኛ ምሽት የሚፈልገው እንጨት በሰዓት አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ይህ ማለት አንዲት ፍልጥ ናት።

«አንድ እንጨት ብቻውን አይነድም» የሚባለው ስለ ሰዎች መተባበር ቢሆንም፣ ምድጃ ውስጥ ግን ቃል በቃል እውነት ነው። ፍልጦች የሚነዱት አንዱ የሌላውን ፊት እያጋለ ስለሆነ፣ ለብቻዋ የተጣለች ፍልጥ ጥቂት ትነድና ጠቁራ መጨስ ትጀምራለች። ስለዚህ ባለቤቱ ሦስት አራት ፍልጥ ይጨምራል፤ ለ10 ኪሎዋት የተሠራው ምድጃም ሥራውን ይሠራል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ክፍሉ 28 ዲግሪ ይደርሳል። መስኮቱን ከፍቶ፣ በሸሚዝ ብቻ፣ ግንባሩን እየጠረገ ከእሳቱ ፊት የተቀመጠ ሰው አይቼ አውቃለሁ። ቀጥሎ የሚደረገው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የአየር ማስገቢያው ይዘጋል። ነበልባሉ ይወርዳል፣ እንጨቱ ይጠቁራል፣ ቤቱም ለስለስ ያለ ሙቀት ያገኘ ይመስላል። ጉዳቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

እንጨት ሲሞቅ፣ ከደረቅ ክብደቱ ወደ 80 በመቶ የሚጠጋው በጋዝና በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ነበልባል የምንለው ይህ ጋዝ ሲነድ የሚታየውን ነው፤ በሚገባ እንዲነድም በቂ አየርና በመቶዎች የሚቆጠር ዲግሪ ይፈልጋል። አየሩ ሲዘጋበት ጋዙ ከእንጨቱ መውጣቱን አያቆምም፤ ሳይነድ ይሄዳል እንጂ። ከፊሉ ጭስ ሆኖ ሰማይ ላይ ይበተናል፤ ከፊሉ በቀዘቀዘው የጭስ ማውጫ ግድግዳ ላይ እንደ ሬንጅ ይጣበቃል። ክሪዮሶት የሚባለው ይህ ጥቁር ቅባት ራሱ ተቀጣጣይ ነው፤ ሳይጠረግ ከከረመ አንድ ቀን ሞቅ ያለ እሳት ሲነሳ ማውጫው ውስጥ ይያያዛል። ማለዳ የምድጃው መስታወት ጥቁር ሆኖ ከተገኘ ማውጫውም በውስጡ ያንኑ ልብስ ለብሷል ማለት ነው። መስታወቱን በእርጥብ ጨርቅና በአመድ ፈትጎ ማጽዳት ይቻላል፤ ማውጫው ግን እስኪጠረግ ድረስ እንዳለ ይቆያል።

መለስተኛ አየር በዚህ ላይ ሌላ ችግር ይጨምራል። ጭስ ወደ ላይ የሚሳበው በማውጫው ውስጥ ያለው ጋዝ ከውጭው አየር ስለሚሞቅና ስለሚቀልል ነው። ውጭው ክፉኛ ሲቀዘቅዝ ስበቱ ይበረታል፤ ውጭው ለዘብ ሲል ይደክማል። ለዚህ ነው ነፋስ በሌለበት ለስላሳ ምሽት የምድጃው በር ሲከፈት ጭሱ ወደ ክፍሉ የሚመለሰው። ከሚታየው ጭስ ይልቅ የሚያስፈራው ደግሞ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ምድጃ ባለበት ክፍል የዚህ ጋዝ ጠቋሚ መሣሪያ አለመኖሩን እንደ ቁጠባ መቁጠር አይገባም።

ስለ እርጥብ እንጨት ብዙ ስለተባለ አላበዛም። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ሊሆን ይችላል፤ ለማገዶ የሚፈለገው ግን 20 በመቶና ከዚያ በታች ነው። ውኃውን ለማትነን የሚባክነው ጉልበት የሚናቅ ባይሆንም፣ ትልቁ ጥፋት እሳቱን ማቀዝቀዙ ነው። «በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል» ይባላል፤ እዚህ ግን ዳፋው የተገለበጠ ነው፤ በአንዱ እርጥብ ምክንያት ደረቆቹም ሲጨሱ ያመሻሉ። ሁለት ፍልጦችን ማጋጨት ጥሩ ፈተና ነው፤ የደረቁት ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጡ እርጥቦቹ ድፍን ያለ ድምፅ ያሰማሉ።

ከቤት ውጭ ያለው ጉዳይ ግን ሰፋ ያለ ነው። መለስተኛ የብርድ ወራት ባላቸው አካባቢዎች የቀዘቀዘው ሌሊት ብዙውን ጊዜ ደመና የሌለበትና ነፋስ የቆመበት ነው። በእንዲህ ያለ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ከመሬት አጠገብ ይተኛል፤ ሞቃቱ ከላዩ እንደ ክዳን ይሆናል፤ የሰፈሩ ሁሉ ጭስም ከዚያ በታች ታፍኖ ያድራል። እሳቱን አዳፍነው የሚተኙት ሰዎች ሁሉ የሚያዳፍኑት በዚያው ሰዓት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ በእንጨት ጭስ ውስጥ እንዳሉት ያሉ፣ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጡ የአየር ብናኞች ዓመታዊ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም እንዳያልፍ ይመክራል። በአውስትራሊያ ታስማኒያ፣ ሸለቆ ውስጥ በተቀመጠችው በላውንስስተን ከተማ በ2001 የእንጨት ምድጃን በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ለሚለውጡ ሰዎች ድጎማ መሰጠት ጀመረ፤ የእንጨት ማሞቂያ ያላቸው ቤቶች ከ66 በመቶ ወደ 30 በመቶ ሲወርዱ፣ በብርድ ወራት በአንድ ሜትር ኩብ አየር 44 ማይክሮግራም የነበረው፣ እስከ 10 ማይክሮሜትር የሚደርሰው ብናኝ አማካይ መጠን ወደ 27 ወረደ። ያችን ከተማ ሲያስጨንቃት የነበረው ፋብሪካ ሳይሆን የየቤቱ ምድጃ ነበር።

እንጨት መንደዱ ፈጽሞ ይቁም እያልኩ አይደለም። ማገዶ በቅርብ ለሚገኝለት፣ መብራት በሚጠፋበት ምሽት ሌላ ማሞቂያ ለሌለው፣ ቤቱም ከሌሎች ቤቶች ራቅ ላለ ሰው ምድጃ አስተማማኝ ዕቃ ነው። የኤሌክትሪክ መስመር ያለው፣ በተጠጋጋ ሰፈር የሚኖር ሰው ግን ስለ ሙቀት ፓምፕ ቢያስብ ይሻለዋል። ይህ መሣሪያ ሙቀትን ከውጭው አየር ስቦ ስለሚያስገባ፣ በመለስተኛ ብርድ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይሰጣል፤ ምድጃውን የሚያስቸግረው ለዘብተኛ አየር ለእርሱ ምቹ ነው።

ምድጃ የሚገዛ ሰው ሻጩን መጠየቅ ያለበት ትልቁን ሳይሆን ትንሹን ነው፤ ከዚያ በፊት ግን የጣሪያውንና የበሩን ስር ቀዳዳ ቢደፍን ገንዘቡ አይባክንም። በፊንላንድና በሩሲያ የተለመደው ከባድ የግንብ ምድጃ፣ አንድ ሁለት ሰዓት በኃይል ነድዶ ሙቀቱን ለረጅም ሰዓት ቀስ እያለ የሚለቅ በመሆኑ፣ እሳትን የማፈንን ነገር ከሥሩ ያስቀራል። ሆኖም ምሽት የነደደበት ሙቀት በማግሥቱ ቀትር ፀሐይ ባለበትም ሊወጣ ስለሚችል፣ ለእኛ ዓይነቱ ብርድ ድንጋይ የተለበጠ ቀለል ያለ ምድጃ የሚመጥን ይመስለኛል።

ከተነደደም ቀጫጭን ፍልጥ፣ አየሩ ተከፍቶ፣ ደማቅ ነበልባል፣ ከዚያ ፍም፣ ከዚያ አመድ ይሁን። ከተለኮሰ ከሩብ ሰዓት በኋላ ወጥቶ ማውጫውን ማየት ይበቃል፤ ከአፉ ላይ የሚርገበገብ ሞቃት አየር ብቻ ከታየ እሳቱ ደኅና ነው። ሌሊት ይጥፋ። በእንዲህ ያለ ብርድ በደንብ የተደፈነ ቤት እስኪነጋ የሚቀንሰው ጥቂት ዲግሪ ነው፤ ማለዳ አንድ እፍኝ ጭራሮና ሁለት ሦስት ቀጭን ፍልጥ ይመልሱታል።