ሁለት ጆንስ ቢኖር ምን አለበት? ለብሪታኒያ ሚኒያቸር ወታደሮች ስም ስናወጣ

የ28 ሚሊሜትር ሚኒያቸር ወታደር (ለጦር ጨዋታ ቀለም የሚቀባ ትንሽ ምስል) ቀለሙ ደርቆ፣ ማቆሚያው ላይ አሸዋው ተጣብቆ ሲያልቅ የሚቀረው ስም ነው። ብዙ ሰው የደከመበትን ሥራ የሚያበላሸውም እዚሁ ላይ ነው። አሥር ተራ ወታደሮች ይደረደሩና አንዱ አልጀርነን፣ ሌላው ሬጂናልድ፣ ሦስተኛው ሞንታጉ ይባላል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ በጨዋታው መካከል ማን እንደወደቀ ለማወቅ የእያንዳንዱ ስም የተለየ መሆን አለበት ተብሎ ነው። ውጤቱ ግን የመኳንንት ልጆች ብቻ የተሰለፉበት ጓድ ይሆናል። በእኔ እምነት የብሪታኒያ ተራ ወታደር ስም መደጋገም አለበት፤ መለያው የሚገኘው ሌላ ቦታ ነው።

የሮርክስ ድሪፍትን ውጊያ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 22 እና 23 ቀን 1879 በደቡብ አፍሪካ የብሪታኒያ ወታደሮች ከዙሉ ጦር ጋር ባደረጉት በዚህ ውጊያ 11 ሰዎች የብሪታኒያ ከፍተኛውን የጀግንነት ሜዳይ፣ ቪክቶሪያ ክሮስን፣ ተሸልመዋል። ከእነሱ ውስጥ ሁለቱ ጆንስ ናቸው፤ ሮበርትና ዊሊያም። ሁለቱም በጦር ሰፈሩ የነበረውን ሆስፒታል ሲከላከሉ የነበሩ ተራ ወታደሮች ናቸው። የሚለዩት በወታደራዊ ቁጥራቸው ነው፦ 716 ጆንስ እና 593 ጆንስ። ማቆሚያው ላይ እንዲህ ብሎ መጻፍ ከየትኛውም ብርቅ ስም ይልቅ ምስሉን ወታደር ያስመስለዋል።

ጆንስ ለምን በዛ? ለአማርኛ አንባቢ ነገሩ ቅርብ ነው። በዌልስ ልጅ እንደ እኛው በአባቱ ስም ይጠራ ነበር፤ «አፕ» የሚለው ቃል «የእገሌ ልጅ» ማለት ነው። አፕ ሪስ ውሎ አድሮ ፕራይስ ሆነ፣ አፕ ሃወል ፓወል፣ አብ ኦወን ደግሞ ቦወን። የአባት ስም ረግቶ የቤተሰብ መጠሪያ ሲሆን፣ በጊዜው የተለመዱት ጥቂት ስሞች ብቻ ስለነበሩ መጠሪያዎቹም ጥቂት ሆነው ቀሩ። ጆንስም ኢቫንስም ሥረ መሠረታቸው አንድ ነው፤ ዮሐንስ።

ታዲያ ሬጅመንቱ (የጦር ክፍሉ) ከዌልስ ነው ተብሎ ሁሉንም ጆንስ ማድረግም ስህተት ነው። በሮርክስ ድሪፍት የተዋጋው 24ኛው ሬጅመንት በዚያን ጊዜ የእንግሊዟ አውራጃ የዎሪክሺር ስም ነበረው፤ የደቡብ ዌልስ መጠሪያውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1881 ነው። እንግሊዛዊም አየርላንዳዊም ነበረበት። ለእኛ ይበልጥ ቅርብ የሆነው ምሳሌ መቅደላ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባውን ሰብሮ የገባው 33ኛው ሬጅመንት ከእንግሊዟ ዮርክሺር ጋር የተሳሰረ ነበር፤ በዚያ ቀን ሜዳይ ያገኙት ጄምስ በርጊንና ከበሮ መቺው ማይክል ማግነር ግን የአየርላንድ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ለመቅደላ አሥር ወታደር የሚያዘጋጅ ሰው ሦስት አራቱን መርፊ፣ ኬሊ፣ ዶይል ይበላቸው፤ የቀሩትን ሰትክሊፍ፣ አክሮይድ፣ ሄይግ።

የቤተሰብ ስም አገሩን ሲናገር የመጀመሪያ ስም ዘመኑን ይናገራል። ከውጊያው ዓመት ላይ 20 ወይም 25 ዓመት ቀንሶ በዚያን ጊዜ ለሕፃን ምን ስም ይወጣ እንደነበር ማየት ነው። እ.ኤ.አ. የ1944 ወታደር የተወለደው በ1920 ገደማ ስለሆነ ጆን፣ ዊሊያም፣ ጆርጅ፣ ሮናልድ ያስኬዳል፤ ጄሰንና ዳረን ግን ከጦርነቱ በኋላ የተለመዱ ናቸው። እ.ኤ.አ. የ1415 ቀስተኛ ከሆነ ከአሥሩ ሦስቱን ጆን ማለት አይበዛም። ሌኦፍሪክና ዉልፍስታን እ.ኤ.አ. ከ1066 የኖርማኖች ወረራ በፊት ለነበረ ሰው ይቀመጡ።

በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ዘመን ሌላ መለያ አለ፤ የቅጽል ስም። ሚለር የሚባል ወታደር «ደስቲ» ነው፣ የወፍጮ ዱቄት አቧራ ስለማይለየው። ኋይት «ቾኪ» ነው፣ ከጠመኔ ንጣት። መርፊ «ስፐድ» ነው፣ ድንች ማለት። ጓዶቹ የሚጠሩት በዚህ ስለሆነ በጨዋታም ቶሎ ይያዛል።

መኮንን ላይ ሲደረስ ብዙ አበሻ የሚስተው አንድ ነገር አለ። እኛ «ሻምበል» ብለን የሰውየውን የራሱን ስም እናስከትላለን፤ እነሱ የቤተሰቡን። ባሻ ፈለቀ እያልን የምናውቀው የብሪታኒያ መኮንን ቻርልስ ስፒዲ በእነሱ ዘንድ ሻምበል ስፒዲ ነው እንጂ ሻምበል ቻርልስ አይደለም። «ሰር» ግን ልክ እንደ ራስ አሉላ ነው፤ የመቅደላው ዘመቻ አዛዥ ሮበርት ናፒየር ሰር ሮበርት ይባላል፣ ሰር ናፒየር አይባልም።

ለመጻፍ ሲኬድ ቦታው ጠባብ ነው። 25 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ክብ ማቆሚያ ዙሪያው 78 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ከፊት የሚታየው ሲሶው፣ ማለትም 26 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ለአንድ ፊደል 2 ሚሊሜትር ከተያዘ 13 ፊደል ነው የሚበቃው። በፊደላችን ሲጻፍ «593 ጆንስ» ከነክፍተቱ 14 ሚሊሜትር ላይ ያልቃል። በፊደላችን የሚጽፍ ሰው በእንግሊዝኛ እንደሚጻፈው ሳይሆን እንደሚጠራው ይጻፍ፤ ቾልሞንደሊ ተብሎ የሚነበብ የሚመስለው የመኳንንት ስም ሲጠራ ቻምሊ ነው። የቀጭን ብዕር (0.1) ቀለም በደንብ ሳይደርቅ ቫርኒሽ በብሩሽ ከተቀባበት ይጎተትና ጽሑፉ ጭጋግ ይሆናል፤ አንድ ሌሊት ማሳደር፣ ከዚያም መጀመሪያ ስስ አድርጎ መርጨት ያድነዋል።