ማኪያቶ ላይ የቀረው አስተያየት

ሲያትል ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ባልደረባዬ ኮዴን አይቶ አርባ አስተያየት ደረደረብኝ። ደሜ ፈላ። «ምን በድዬው ነው?» አልኩ። ምሳ ሰዓት ላይ ሰውዬው አጠገቤ ቁጭ ብሎ ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ።

አዲስ አበባ ስሠራ አለቃችን ጋሼ ዲዛይናቸውን ሲያቀርቡ ሁላችንም ራሳችንን እንነቀንቅ ነበር። ዳታቤዙ እንደማይችለው እያወቅን! ማኪያቶ ላይ ግን «እሳቸው እኮ ድሮም አይገባቸውም» እንላለን። እኔም ብያለሁ። ሲስተሙ ሲወድቅ የተወቀሱት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ብራያን ከርኒጋን በ1981 እ.ኤ.አ. ፓስካል የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የተቸበትን ጽሑፍ ሳነብ ያ የማኪያቶ ወሬያችን ትዝ አለኝ። ፓስካል የስዊዘርላንዱ ኒክላውስ ቪርት ቋንቋ ነው። ከርኒጋን ደግሞ ሲ የሚባለው የሌላ ቋንቋ ሰፈር ሰው ነው፤ የሲን መጽሐፍ ከቋንቋው ፈጣሪ ከዴኒስ ሪቺ ጋር ጽፏል። ግን ለመተቸት አልቸኮለም። መጀመሪያ አንድ ሙሉ መጽሐፍ የሚሞሉ ፕሮግራሞችን በፓስካል ጻፈ። ከዚያ የቆረቆረውን ነገር ነጥሎ አወጣ። በያኔው ፓስካል ባለ 10 ቁጥር አሬይ (የቁጥሮች ድርድር) እና ባለ 11 ቁጥር አሬይ የተለያዩ ዓይነቶች ነበሩ። ስለዚህ የሁለቱንም ቁጥሮች በቅደም ተከተል የሚያስቀምጥ አንድ ፕሮሲጀር (የፕሮግራም ክፍል) መጻፍ አይቻልም ነበር። ማንም ሞክሮ ሊያረጋግጠው የሚችል ነገር ነው። ቋንቋው ለማስተማሪያ ተብሎ መሠራቱንም አልደበቀም። የቪርትን ክብር የሚነካ ቃል ግን አላየሁበትም።

ፈረንጅ ሁሉ እንዲህ ነው አልልም። ሆላንዳዊው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ኤድስገር ዳይክስትራ በ1975 ኮቦል የሚባለው ቋንቋ አእምሮ ያሽመደምዳል፣ ማስተማሩም እንደ ወንጀል ይቆጠር ብሎ ጽፏል። በኮቦል ሥራ ልጆቻቸውን ያሳደጉትን ሳስብ ይከፋኛል።

ያም ሆኖ ተቀናቃኞችም አብረው ይቀመጣሉ። በ1997 ጃቫ የሚባለውን ቋንቋ የሠራው ኩባንያ ሰን፣ ማይክሮሶፍትን በጃቫ ምክንያት ፍርድ ቤት አቁሞት ነበር። የጃቫ ፈጣሪ ጄምስ ጎስሊንግ የማይክሮሶፍትን ቋንቋ ሲ ሻርፕንም የጃቫ ቅጂ ነው ብሎ ተችቷል። በ2019 ግን እዚሁ ሲያትል አካባቢ ከሲ ሻርፕ ፈጣሪ ከአንደርስ ሄልስበርግ ጋር አንድ መድረክ ላይ ተቀመጠ። የፓይተንና የፐርል ቋንቋዎች ፈጣሪዎችም አብረዋቸው ነበሩ። ለኮምፒውተር ትምህርት ገንዘብ ለማሰባሰብ ነበር።

ባለፈው አገር ቤት ስገባ ጋሼን ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኳቸው። ዳታቤዙ እንደማይችል ያኔ አውቅ እንደነበር ነገርኳቸው። ቡናቸውን አስቀመጡ።

«ታዲያ ምነው ልጄ፣ ለምን አልነገርከኝም?»