«አትጻፈው» ያልኩት እኔ ነኝ

እኛ አገር ክሊራንስ ማለት ከሥራ ስትለቅ እጅህ ላይ ንብረት እንደሌለ የሚመሰክር ወረቀት ነው። አሜሪካ ግን ሌላ ነገር ነው። የመንግሥት ምስጢር ለማየት የሚሰጥ ፈቃድ።

ቨርጂኒያ ያለው የአክስቴ ልጅ ዜግነት ካገኘ ቆይቷል። ለመከላከያቸው በኮንትራት ከሚሠራ ድርጅት ሥራ አገኘና ይሄን ፈቃድ አምጣ ተባለ። ሲደውልልኝ ባሕር ዳር ጣና ዳር ቁጭ ብዬ ቆሮሶ ጥብስ እየበላሁ ነበር፤ ስልኩን በትከሻዬ ይዤ አዋራሁት። ከአራት ዓመት በፊት ከአንድ መጋዘን ተባሯል፣ ያልመጣ ጓደኛውን የመጣ አስመስሎ የሰዓት ካርድ ሲመታለት ተይዞ። ፎርሙ ደግሞ፣ ኤስኤፍ 86 የሚባለው፣ ከመቶ ገጽ በላይ ነው፤ ባለፉት 7 ዓመታት ከሥራ ተባረሃል ወይ ብሎ በቀጥታ ይጠይቃል።

«አትጻፈው፤ ማን ያውቃል?» አልኩት። ሰማኝ።

ክፉ የመከርኩ አልመሰለኝም። እኛ ዘንድ የዘመድ ገመና መሸፈን ጨዋነት ነው። ልጃችን ሲባረር «ለቀቀ» እንላለን፣ አለቀ።

ኋላ ነገሩን ሳጣራ ግን ደነገጥኩ። ውሳኔው የሚሰጠው በ2017 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ በዋለ መመሪያ ነው። 13 መመዘኛ አለው፤ ዕዳ፣ መጠጥ፣ አደንዛዥ ዕፅ፣ ውጭ አገር ያለ ዘመድ (እኔም አለሁበት ማለት ነው) እያለ ይቀጥላል። የድሮ ጥፋት ዓመት ባለፈው ቁጥር ይቀላል፤ ክብደቱ፣ መደጋገሙ፣ ያኔ የነበረህ ዕድሜ ሁሉ ይታይልሃል። አውቆ መደበቅ ግን ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። የካርዱ ነገር አራት ዓመቱ ነው፤ ውሸቱ የፈረመ ቀን ገና የተወለደ ነው። በዚያ ላይ በፌዴራል ሕግ እስከ 5 ዓመት ሊያሳስር ይችላል።

የሚከብደኝ አንድ ነገር አለ። ወንጀል ችሎት ጥርጣሬ ካለ ለተከሳሹ ነው። እዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ ከተጠራጠሩ ለአገር ደኅንነት ይፈርዳሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸውም በ1988 እ.ኤ.አ. ፈቃዱ የማንም መብት አይደለም ብሏል። ረስቶ መተው ከመደበቅ ይለያል ይላሉ፣ ግን የረሳኸውን ነገር እንዴት ብለህ ታስረዳለህ? ቢሆንም ፍርዳቸው ገባኝ። ተባሮ የሚያፍር ሰው ያን ያወቀበት ሁሉ ሊያስፈራራው ይችላል፤ አምኖ የጻፈውን ሰው ግን በምን ያስፈራሩታል?

መመሪያው አንድ በር ትቷል። ደርሰውበት ሳይጠይቁህ፣ ቶሎ ብለህ ራስህ ካረምክ ይታይልሃል። በጠበቃ የተሳሳተ ምክር ከሆነም እንዲሁ። ዓሣ እየበላ በስልክ የሚመክር የአክስት ልጅ ግን አልተጠቀሰም።

ደወልኩለት። መርማሪው ገና አልጠራውም ነበር። «ሳይጠይቁህ ቀድመህ ንገራቸው» ስለው ዝም አለ፣ ከዚያ «አትጻፈው ያልከኝ አንተ አይደለህ እንዴ!» ብሎ ጮኸብኝ። ልክ ነው፣ ምን እላለሁ። ለቃለ መጠይቅ ሲቀመጥ ግን መጀመሪያ ያነሳው ይሄንኑ ነበር፣ ካርዱን ለማን እንደመታ ሳይቀር።

ፈቃዱ ይሰጠው አይሰጠው ገና አልታወቀም። አክስቴ የመጋዘኑን ነገር እስከ ዛሬ አያውቁም። «ሥራው ከብዶት ለቀቀ» ነው ያልናቸው።