«ተዘረፈ» ከማለታችን በፊት ድምፁን እንዝጋው

ካሜሩናዊው ፍራንሲስ ንጋኑ በጥቅምት 2023 ሪያድ ላይ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮኑን ታይሰን ፉሪን በሦስተኛው ዙር በግራ እጁ መትቶ ሲጥለው፣ ግጥሚያውን ስንከታተል የነበርን አፍሪካውያን ብዙዎቻችን ከመቀመጫችን ብድግ ብለናል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ንጋኑ በልጅነቱ አሸዋ ሲያወጣ ያደገ፣ በድብልቅ ማርሻል አርት ስም ያተረፈ፣ በፕሮፌሽናል ቦክስ ግን የመጀመሪያ ግጥሚያውን የሚያደርግ ሰው ነበር። አሥሩ ዙር አልቆ የፉሪ እጅ ከፍ ሲል በየማኅበራዊ ሚዲያው የተጻፈው አንድ ቃል ነው፦ ተዘረፈ። ዛሬም ይህን ግጥሚያ የሚያነሳ ሰው ዝርፊያውን እንደተረጋገጠ ነገር አድርጎ ነው የሚያወራው።

ዳኞቹ የሰጡትን ነጥብ እንይ። አንዱ 95 ለ 94 ለንጋኑ፣ ሁለተኛው 95 ለ 94 ለፉሪ፣ ሦስተኛው 96 ለ 93 ለፉሪ። በቦክስ የዙሩ አሸናፊ 10፣ ተሸናፊው 9 ያገኛል፤ በዙሩ ውስጥ የወደቀ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 8 ብቻ ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ንጋኑን አሸናፊ ያደረገው ዳኛ አሥሩን ዙር አምስት ለአምስት ነው ያካፈላቸው፤ ንጋኑ የበለጠው ፉሪ በወደቀባት ዙር ባገኛት ትርፍ ነጥብ ነው። ለፉሪ 95 የሰጠው ዳኛ ደግሞ ስድስት ለአራት አድርጎ አይቶታል። ሁለቱን የለያያቸው አንድ ዙር ብቻ ነው፤ ያቺ አንድ ዙር ግን አሸናፊውን ቀየረች።

ከንጋኑ ያን ያህል የጠበቀ ሰው አልነበረም። ጥቂት ዙሮች መቆየቱ ራሱ እንደ ድል ይቆጠርለት ነበር። በመሆኑም የሚያሳርፋት እያንዳንዷ ቡጢ በዓይናችን ገዘፈች፤ የፉሪ ጃብ (በፊተኛው እጅ የሚሰነዘር ቀጥተኛ ቡጢ) ደግሞ የሚጠበቅ ነገር ስለሆነ ዓይናችን እያየ ሲያርፍም ልብ አላልነውም። ቡጢ እየቆጠረ የሚመዘግበው ኮምፑቦክስ ግን ያረፉትን ቡጢዎች 71 ለፉሪ፣ 59 ለንጋኑ ብሎ ነው የያዛቸው። ቁጥር ብቻውን ግጥሚያ አይዳኝም፤ ከንጋኑ እጅ የወጡት ቡጢዎች ከበድ ያሉ ነበሩ፤ ንጋኑ አሸንፏል የሚል ሰውም ስህተተኛ አይባልም። ዝርፊያ ነው የሚለው ክስ ግን ከቡጢዎቹ የመጣ አይመስለኝም። የመጣው ግጥሚያው ከመጀመሩ በፊት ይዘነው ከተቀመጥነው ስሜት ነው።

ደጋፊ ሆኖ ቦክስ ያየ ሰው ዓይኑ የት እንደሚያርፍ ያውቀዋል። የሚከተለው የራሱን ሰው እጆች ነው። የሚደግፈው ቦክሰኛ ሲሰነዝር ያያል፤ ሲመታ ግን የሚያየው ዘግይቶ ነው፣ ያውም ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ከተመለሰ። በጓንት የተመከተችው ቡጢ ለራሳችን ሰው ስትሆን አረፈች እንላለን፤ ለተጋጣሚው ስትሆን ተመከተች። በአሥራ ሁለት ዙር ውስጥ እንዲህ ያለው ነገር ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ማሰብ ነው።

ይህ የተመልካች ችግር ብቻ ሆኖ ቢቀር ባልጻፍኩም ነበር። ዳኛውም እዚያው ጩኸት ውስጥ ተቀምጧል። ሦስቱ ነጥብ ሰጪዎች በሪንጉ ሦስት ጎኖች ይቀመጣሉ፤ የመሀል ዳኛው ወይም የአንዱ ቦክሰኛ ጀርባ ሲከልላቸው ከአካል ለአካል ፍልሚያው የሚያዩት ጥቂት ነው። ጥርት ብሎ ያረፈ ቡጢን፣ ውጤት ያለው ማጥቃትን፣ ሪንጉን መቆጣጠርን፣ መከላከልን አመዛዝነው ሦስት ደቂቃውን በአንድ ቁጥር ማሰር አለባቸው። ዙሩን እኩል ማለት በብዙ ቦታ ስለማይወደድ አንዱን መምረጥ ግድ ነው። ሚዛኑ እኩል በሆነበት ሰዓት አዳራሹ ለአንደኛው ወገን ሲያጓራ፣ ጩኸቱ ዳኛው ላላያት ቡጢ ማስረጃ ሆኖ ያድራል።

ይህን ያጠኑ አሉ። በ2005 የታተመ የብሪታንያ ተመራማሪዎች ጥናት የአውሮፓ ሻምፒዮና የቦክስ ግጥሚያዎችን መርምሮ ነበር። በአቅም የተመጣጠኑ ቦክሰኞች ሲገናኙ፣ ውጤቱ በዝረራ ከሆነ በአገሩ የሚጫወተው የማሸነፍ ዕድሉ 57 በመቶ ነው። የመሀል ዳኛው ፍልሚያውን አስቁሞ የሚወስን ከሆነ 66 በመቶ ይደርሳል። ውሳኔው በነጥብ ሰጪዎቹ እጅ ሲገባ ደግሞ 74 በመቶ። የሰው ፍርድ በገባ ቁጥር የባለሜዳው ዕድል ይጨምራል ማለት ነው። እግር ኳስ ላይም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል፦ 40 ዳኞች የሊቨርፑልና የሌስተርን ጨዋታ በቪዲዮ እንዲዳኙ ተደርጎ፣ የደጋፊውን ጩኸት እየሰሙ ያዩት ድምፅ አልባውን ካዩት ይልቅ በሊቨርፑል ላይ 15 በመቶ ያህል ያነሰ ጥፋት ነፍተዋል። አንዳቸውም ጉቦ አልበሉም።

የሜክሲኳዊው ካኔሎ አልቫሬዝና የጌናዲ ጎሎቭኪን የመጀመሪያ ግጥሚያ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ በዚህ ምክንያት ነው። መስከረም 16 ቀን 2017፣ ላስ ቬጋስ፤ ዕለቱ የሜክሲኮ የነፃነት በዓል፣ ከ22 ሺህ ከሚበልጠው ተመልካች አብዛኛው የካኔሎ። ካዛኪስታናዊው ጎሎቭኪን እስከዚያች ምሽት ተሸንፎ አያውቅም። ከዳኞቹ አዳላይድ ባይርድ 118 ለ 110 ለካኔሎ፣ ዴቭ ሞሬቲ 115 ለ 113 ለጎሎቭኪን፣ ዶን ትሬላ 114 ለ 114 ሰጡና አቻ ተባለ። በባይርድ ወረቀት ጎሎቭኪን ከአሥራ ሁለቱ ዙሮች ያሸነፈው ሁለቱን ብቻ ነው፤ በሞሬቲ ወረቀት ሰባቱን። ዓለም ሁሉ ባይርድ ላይ ጮኸ፤ ቦክስን የሚቆጣጠረው የኔቫዳ ግዛት ኮሚሽንም ለተወሰነ ጊዜ ከትላልቅ ግጥሚያዎች እንድታርፍ አደረገ።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን የትሬላ ወረቀት ነው። ሰባተኛውን ዙር ሞሬቲ ለጎሎቭኪን ሰጥቷል። ባይርድ እንኳ ለጎሎቭኪን ከሰጠቻቸው ሁለት ዙሮች አንዱ ይኸው ሰባተኛው ነበር። ትሬላ ለካኔሎ ሰጠው። ያቺን ዙር እንደ ሁለቱ አይቷት ቢሆን ወረቀቱ 115 ለ 113 ሆኖ ጎሎቭኪን ሁለት ለአንድ ያሸንፍ ነበር። የባይርድ ስህተት አፍጥጦ የሚታይ ስለነበር ተወገዘ፤ ውጤቱን የወሰነችው ግን ብዙ ሰው ሳያስተውላት በትሬላ ወረቀት ላይ የሰፈረችው ያቺ ዙር ናት። ውጤቱ ሲነገር አዳራሹ ራሱ መቃወሙ እውነት ነው። ነገር ግን ተቃውሞው የመጣው ወረቀቶቹ ከተሰበሰቡ በኋላ ነው፤ ዙሮቹ ሲቆጠሩ የሚሰማው ጩኸት ሌላ ነበር።

በተቃራኒው ደግሞ የአውስትራሊያዋ ብሪስቤን አለች። ሐምሌ 2 ቀን 2017 ፊሊፒናዊው ማኒ ፓኪያኦ ከአገሬው ልጅ ከጄፍ ሆርን ጋር ከ50 ሺህ ሕዝብ በላይ በታደመበት ስታዲየም ተጋጠመ። ሆርን በሦስቱም ዳኞች አሸነፈ፦ 117 ለ 111፣ 115 ለ 113፣ 115 ለ 113። በኮምፑቦክስ ቆጠራ ፓኪያኦ 182፣ ሆርን 92 ቡጢ ነው ያሳረፉት። ፊሊፒንስ አዘነች፤ አሜሪካ ውስጥ በስፖርት ቴሌቪዥኑ በኢኤስፒኤን ያየው ሕዝብም ዝርፊያ ነው አለ። ያ ሕዝብ ግጥሚያውን ሲያይ የሰማው የቴዲ አትላስን ድምፅ ነበር፤ ተንታኙ ፓኪያኦ አሸንፏል የሚል አቋሙን ሪንጉ ላይ ወጥቶ ለሆርን ፊት ለፊት እስከ መናገር ደርሷል። ቅሬታ ሲቀርብ የዓለም ቦክስ ድርጅት ከተለያዩ አገሮች አምስት ዳኞች መርጦ፣ ስማቸው ሳይገለጥ ግጥሚያውን ያለ ድምፅ እንዲያዩት አደረገ። ውጤቱ፦ ሰባት ዙር ለሆርን፣ አምስት ለፓኪያኦ።

እዚህ ላይ ሁለት ጩኸት ነበር። አንዱ የስታዲየሙ፣ ሌላው የቴሌቪዥኑ። ሶፋው ላይ ተቀምጦ የብሪስቤንን ሕዝብ በአድልዎ የከሰሰው ተመልካች እሱም ሌላ ሰው በጆሮው እየነገረው ነበር የሚያየው። 117 ለ 111 አሁንም አይዋጥልኝም። ሆርን አሸነፈ የሚለው ግን ድምፁ ሲዘጋም ጸንቷል፤ ስለዚህ ዝርፊያ ብለን ልንከስ አይገባንም።

ቃሉን ልናከብረው ይገባል፤ እውነተኛ ዝርፊያ አለና። በ1988 የሴኡል ኦሊምፒክ አሜሪካዊው ሮይ ጆንስ 86 ቡጢ አሳርፎ፣ 32 ላሳረፈው ለኮሪያዊው ፓርክ ሲ ሁን ወርቁ ሲሰጥ ያየ ሰው ልዩነቱን ያውቃል። ጠባብ ግጥሚያ በወጣ ቁጥር ተዘረፈ የምንል ከሆነ፣ ያን የመሰለው ሲመጣ ምን ልንለው ነው?

መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ያለ ድምፅ ማየት ይሻላል ብሎ ያመነ ድርጅት ይህን ያደረገው ግጥሚያው ካለፈ በኋላ፣ ቅሬታ ሲመጣ ብቻ ነው። ለምን ከመጀመሪያው አይደረግም? ሦስት ድምፅ የሚዘጋ ማዳመጫ ከአንድ ትልቅ ግጥሚያ ገቢ አንጻር ምንም አይደለም። የቡጢው ድምፅ ራሱ መረጃ ነው የሚሉ አሉ፤ 50 ሺህ ሕዝብ በሚያጓራበት ስታዲየም ጓንት ጎን ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ዳኛ ማን እንደሆነ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል። እንደ ኦሊምፒኩ አምስት ዳኛ ማድረግም ይቻላል። በእውነት እኩል ለሆነ ዙር 10 ለ 10 መስጠትም እንደ ፍርሃት መታየቱ ይቅር። እኛ ተመልካቾችም የምንችለው አለ፦ ድምፁን ዘግተን፣ ወረቀት ይዘን፣ ዓይናችንን በማንደግፈው ቦክሰኛ እጆች ላይ አድርገን አንድ ግጥሚያ እንይና በየዙሩ ነጥብ እንስጥ።

የሚቸኩለው ግን የድርጅቶቹ ድርሻ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ቦክሰኛው ነውና። የካቲት 26 ቀን 2022 እንግሊዛዊው ጃክ ካተራል ግላስጎው ድረስ ሄዶ የስኮትላንዱን ጆሽ ቴይለርን በአገሩ ሕዝብ ፊት በስምንተኛው ዙር ጣለው፤ ሁለት ለአንድ ተሸነፍክ ተባለ። አራቱም የዓለም ቀበቶዎች ለውድድር የቀረቡበት ምሽት ነበር። የብሪታንያ ቦክስ ቦርድ ጉዳዩን መርምሮ 114 ለ 111 ለቴይለር የሰጠውን ዳኛ በደረጃ ዝቅ አደረገው፤ ውጤቱ ግን እንዳለ ቀረ። ካተራል የመልሱን ግጥሚያ ያገኘው ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ በግንቦት 2024 ሊድስ ላይ ነው። በሦስቱም ዳኞች አሸነፈ። ያን ጊዜ ከአራቱ ቀበቶዎች አንዱም ለውድድር አልቀረበም ነበር።