የጠዋት ፈረቃ

ባለፈው እሑድ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ከዱባይ መጣ። መጣ እንኳን አይባልም፤ ተመደበ። የሚሠራበት የዕቃ ማጓጓዣ ድርጅት በ2014 ዓ.ም. በተከፈተው የድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጣና ሥራ ሊጀምር ነውና «አካባቢውን የሚያውቅ ባለሙያ» ሲያፈላልግ እሱን አገኘ። አካባቢውን ማወቁስ እውነት ነው። እትብቱ የተቀበረው እዚሁ ከዚራ፣ ከእኛ ግቢ ሦስት ቤት አልፎ፣ አሁን ጎሚስታ ቤት በሆነው ሥፍራ ነው። ውሉ ላይ ግን «የውጭ አገር ሠራተኛ» ተብሎ ተጽፏል። የቤት አበል አለው። የአየር ጠባይ አበል አለው። የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ድርጅቱ ይችላል። ሃያ ዓመት ሙሉ በነፃ የተጠበሰበት የድሬ ፀሐይ አሁን በዶላር ይታሰብለታል።

ቅናት አይደለም። ትንሽ ቅናት ነው።

እንግዲህ ይህ ሰው በረንዳችን ላይ ተቀምጦ ማንጎ እየላጠ ሳለ የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ ገባች። ጉንጯን ሳመና፣ እንዴት ነሽ ሳይላት፣ «የት ነው የምትማሪው?» አላት። ነገረችው። «ፕሮግራሙ ምንድን ነው?» ልጄ ጥያቄውን ከልቧ አሰበችበትና መለሰች።

«የጠዋት ፈረቃ።»

ማንጎው ትን እስኪለው ሳቀ። ሚስቱም ሳቀች። የእሱ ልጅ ብቻ አልሳቀችም፤ ፈረቃ ምን እንደሆነ አታውቅም። የእኔ ልጅ ደግሞ ምን እንዳሳቃቸው ስላልገባት ቦርሳዋን ከመስኮቱ ሥር አስቀምጣ ወደ ውስጥ አለፈች። ቦርሳው የእሷ ብቻ አይደለም። ወንድሟ የከሰዓት ፈረቃ ነው፤ እሷ ስትመጣ እሱ ደብተሩን ቀይሮ ያነግተዋል።

እኔን ያናደደኝ ሳቁ አይደለም፤ ጥያቄው ነው። ልጆች ሳለን ትልቅ ሰው መንገድ ላይ ሲይዘን የሚጠይቀን አንድ ነገር ነበር፤ «የማን ልጅ ነህ?» መቼም ለደግ ነገር አይጠየቅም ነበር፤ የሰው ጣሪያ ላይ ድንጋይ ስንወረውር ነው የሚይዙን። ቢሆንም መልሱ ፍሬ ነገር ነበረው። አባትህ ምድር ባቡር ከሆነ አንድ ዓይነት ኩርኩም፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከሆነ ሌላ ዓይነት ኩርኩም። ዛሬ አባት ከጥያቄው ተሰርዟል። ትምህርት ቤቱ የአባት ስም ሆኗል፤ የክፍያው መጠን ደግሞ የአያት።

አማቼ ለልጆቹ የሚፈልገውን ፕሮግራም «አይቢ» ይለዋል፣ የአክስቱን ልጅ እንደሚጠራ። ሙሉ ስሙ ኢንተርናሽናል ባካሎሬት ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1968 ጄኔቫ ላይ ተቋቋመ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዲፕሎማቶችና የዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኞች ከአገር አገር ሲዛወሩ ልጆቻቸው ዛሬ የፈረንሣይን ትምህርት ነገ የእንግሊዝን እየጀመሩ አንዱንም ሳይጨርሱ ይቸገሩ ነበር፤ ስለዚህ እዚያ ጀምረው እዚህ የሚቀጥሉት፣ የየአገሩ ዩኒቨርሲቲም የሚቀበለው አንድ ዲፕሎማ ተዘጋጀላቸው። እስከዚህ ድረስ ጠብ የለኝም። እኔም ብሆን ከሳቢያን ወደ ከዚራ ቤት ስቀይር የልጆቹ ትምህርት አንድ ወር ተስተጓጉሎብኛል።

በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ተማሪው ስድስት ትምህርት ይወስዳል፤ ሦስቱን ጠለቅ፣ ሦስቱን ቀለል አድርጎ። እያንዳንዱ ከ7 ይታረማል። በዚያ ላይ የ4,000 ቃላት ጽሑፍና «የዕውቀት ንድፈ ሐሳብ» የሚባል ትምህርት አንድ ላይ እስከ 3 ነጥብ ይጨምራሉ። ድምሩ 45 ነው። ለማለፍ ቢያንስ 24 ያስፈልጋል።

«ከመቶ?» አለች ባለቤቴ ከወጥ ቤት።

«ከ45 ነው እታለም።»

«ከመቶ ስንት ይሆናል ታዲያ?»

ስልኩን አውጥቶ አሰላ። «ሃምሳ ሦስት ነጥብ ምናምን።»

«ይኸው የእኛው ሃምሳ በመቶ አይደለም እንዴ!» ብላ ወደ ሽሮዋ ተመለሰች።

የእኛው ሃምሳ በመቶ ግን ቀላል ነገር አይደለም። በ2014 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በተከታዩ ዓመት 3.2። ይህን ያህል ልጅ የወደቀበትን አገር ልጅ ነው እንግዲህ «ፕሮግራሙ ምንድን ነው» ብሎ የሚስቅባት። በአንድ ክፍል ስልሳ ሁለት ሆነው፣ አንዱ መጽሐፍ ለአራት፣ ወንበሩ ለሦስት፤ ፈረቃው እኮ ቀልድ አይደለም፤ ክፍል ስላነሰ ነው! እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ ኖሯል፤ ባለቤቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ አየችኝና ሌላ ማንጎ አቀረበች።

ስለ ዕውቀት ንድፈ ሐሳቡ ጠየቅሁት። «ተማሪው አንድን ነገር እንደሚያውቅ በምን እንዳወቀ ይጠየቃል» አለኝ። ይህ ትምህርት ድሬ ውስጥ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ በየበርጫው ያለ ምዝገባ ይሰጣል። «አንተ ይህን በምን አወቅህ?» ብሎ ያልተከራከረ የለም። ተማሪዎቹም የዚያኑ ዕለት አሥር ሰዓት ላይ ይመረቅናሉ፤ ከመመረቅ እምብዛም የማይርቅ ቃል ነው።

ደግሞ የማኅበረሰብ አገልግሎት አለበት። ልጁ ሰው ይረዳል፣ የረዳበትን ማስረጃ ያስቀምጣል፣ ከመርዳቱም ምን እንደተማረ ይጽፋል። የጎረቤታችን ልጅ ውሃ በጠፋ ቁጥር ለሁለት አሮጊቶች ቢጫ ጀሪካን ይሸከማል። ከመሸከሙ ምን እንደተማረ ጽፎ አያውቅም፤ ስጠይቀው «ወገቤን» ብሎኛል።

አባቴ በሕይወት ቢኖር ይህን ሁሉ ሰምቶ በአንድ ተረት ይዘጋው ነበር። «የተማረ ይግደለኝ።» በምድር ባቡር ወርክሾፕ ሠላሳ ዓመት የሠራ፣ ከፈረንሣይኛ የመፍቻ ቁጥርና ስድብ ብቻ የሚያውቅ ሰው ነበር። ይህን ተረት እኔም እወደዋለሁ። እስኪ አስቡት፤ የሌላው ዓለም ሕዝብ እንዴት እንደሚኖር ይጨነቃል፤ የእኛ ሰው ገዳዩን በትምህርት ደረጃ ያወዳድራል። ደግሞ አባቴ ዝርዝር አይጠይቅም። ገዳዩ የተማረ መሆኑ ይበቃዋል። አማቼ ቢሆን ግን አንገቱ ላይ ቢላዋ ተይዞም «ይቅርታ፣ የተማሩበት ትምህርት ቤት ሙሉ ፈቃድ ያለው ነው ወይስ ገና ዕጩ?» ማለቱ አይቀርም። ተረቱን ሰምተው ቃሉን የፈጸሙ የተማሩ ሰዎችም በዘመናችን መጥተው ነበር፤ እሱ ሌላ ቀን ይወራል።

ዕጩ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አማቼ ኮምፒውተሩ ላይ ሰንጠረዥ ሠርቷል። አንድ ትምህርት ቤት በራፉ ላይ የፈለገውን ስም መጻፍ ይችላል፤ ፈቃዱ ግን ተመርምሮ የሚሰጥ ነው፤ እስኪሰጠው ዕጩ ይባላል። እጮኛ እንደማለት ነው፤ ቀለበቱ አለ፣ ሠርጉ ገና ነው። አንዳንዱ ትምህርት ቤት ደግሞ ከሦስት ዓመት ሕፃን ጀምሮ ያለውን ሙሉውን ጉዞ ይይዛል፤ አንዳንዱ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ብቻ። በሁለቱ ዓመታት መሃል ደግሞ ልጅ ማዛወር አይመከርም። የመምህራኑ የቆይታ ዘመን፣ የተማሪዎቹ አማካይ ነጥብ፣ የአውቶቡሱ ርቀት፣ ሁሉም በየረድፉ ተደርድሯል። ሚስቱን ሲያጭ ይህን ያህል አልመረመረም፤ እኔው ነኝ ሽማግሌ የሄድኩት።

ጄኔቫ የሚለው ስም ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ጄኔቫ ለእኛ ለሐረርጌ ሰዎች ባዕድ አይደለችም፤ የቆየ ቂም አለን። ኤጀርሳ ጎሮ ተወልደው ሐረር ያደጉት ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሰኔ 1928 ዓ.ም. በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው በአማርኛ ሲናገሩ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት አወኳቸው። ጉባኤው አዘነ፣ አጨበጨበ፤ ብዙም ሳይቆይ ጣሊያን ላይ ጥሎት የነበረውን ማዕቀብ አነሣ። ያን ዕለት ከ7 ስንት ሰጥተውን ነበር? ይህን አማቼን ጠየቅሁት። «እሱ ሌላ ድርጅት ነው» አለኝ። ከተማው አንድ አይደለም እንዴ?

የእኚሁ ሰው ትምህርት ቤትስ ምን ነበር? አባታቸው ራስ መኮንን ሰንጠረዥ አልሠሩም። ከጓዴሎፕ የመጣ ቪታሊያን የሚባል ሐኪም ነበራቸው፣ ፈረንሣይኛ ጠንቅቀው የሚያውቁ አባ ሳሙኤል የሚባሉ ኢትዮጵያዊ መምህር ነበሩ፤ አለቀ። ከካሪቢያን አንድ፣ ከአገር ቤት አንድ፣ ተማሪው ቋንቋ ይዞ ወጣ። አባ ሳሙኤል በ1907 ዓ.ም. ሐረማያ ሐይቅ ላይ ጀልባ ሲሰጥም ሕይወታቸው አለፈ፤ ተማሪያቸው ተረፉ። ሐይቁ ራሱ በእኛ ዘመን ደርቆ አየነው። ያኔ ከአወዳይ ሲመለስ በዚያ ሜዳ በኩል ያለፈ ሰው የሚገባው ሐዘን ነው፤ ከትምህርት ቤት ምርጫ ጋር አይገናኝም፤ ግን ሳልጠቅሰው አላልፍም።

ድሬስ ብትሆን ራሷ ለውጭ አገር ሠራተኛ የተሠራች ከተማ አይደለችም? ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ የቆመው የሐረርን ተራራ መውጣት ከብዶት ነው። ፈረንሣዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ ከዚራ ላይ ዛፍ ተክሎ ተቀመጠ። ማንም «አንቱ» አልተባለም። ይኸውም ሌላው ቁጭቴ ነው። አማቼ ከዱባይ ከመጣ ወዲህ እኔን «እርስዎ» ማለት ጀምሯል። ድሬ ውስጥ ሰውን አንቱ የምትለው ወይ ተጣልተኸው ነው፣ ወይ ገንዘብ ልትበደረው ነው። ሁለቱንም ስጠብቅ ሦስት ቀን ተቸገርኩ።

የወላጅ ቃለ መጠይቅስ? ይህን ለአማቼ አልነገርኩትም። ከሦስት ዓመት በፊት ልጄን በከተማችን ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ላስመዘግብ ሄጄ ነበር፤ ስሙ «ኢንተርናሽናል» የሚል አለበት። በነገራችን ላይ ያንኑ ቃል የለጠፈ የልብስ ንጽህና ቤትም፣ ፀጉር ቤትም በሠፈራችን አለ፤ ከፀጉር ቤቱ ራስ ለመላጨት ቃለ መጠይቅ አላደረግሁም። ዳይሬክተሩ በእንግሊዝኛ «ለልጅዎ ያለዎት ራእይ ምንድን ነው?» አሉኝ። ራእይ የሚታየው ለባሕታዊ ነው፤ ለእኔ የታየኝ ጠረጴዛው ላይ የተከፈተው የደረሰኝ ጥራዝ ነበር። «ጥሩ ሰው እንድትሆን» አልኩ በአማርኛ። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ፤ ወረቀቱ ላይም ጻፉ። ቦታ እንደሌለ በማግስቱ ተደወለልን። የጠዋት ፈረቃ የመጣው እንዲህ ነው።

ለማንኛውም፣ ድሬ ላይ አይቢ የለም። አዲስ አበባ አለ። ስለዚህ ሚስትና ልጆቹ አዲስ አበባ ይቀመጣሉ፣ እሱ ዓርብ ዓርብ በአውሮፕላን ይሄዳል። የተወለደበት ከተማ መጥቶ ቤተሰቡን የሚናፍቅ የውጭ አገር ሠራተኛ ማለት እሱ ነው፤ ለዚህም አበል ሳይኖረው አይቀርም።

ይህን ሁሉ ጨርሶ ሊነሣ ሲል ጉሮሮውን ጠረገ። ዲፕሎማው ላይ ከሚወሰዱት ስድስቱ ትምህርቶች አንዱ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ሥነ ጽሑፍ ሊሆን ይችላል፤ አማርኛም ይፈቀዳል፤ መምህር ከሌለ ልጁ በትምህርት ቤቱ ክትትል ራሱን ያስተምራል። የእሱ ልጅ አማርኛ መስማት ትሰማለች፣ ማንበብ ግን «ሀ» እና «ሐ» ይምታቱባታል። ዲፕሎማው እስኪደርስ ገና አምስት ዓመት አላት፣ ከአሁኑ መጀመር ይሻላል ብሎ አስቧል።

«እርስዎ በክረምቱ ትንሽ ቢያስነብቧት...»

አንቱታው ለዚህ ኖሯል! መልስ ሳልሰጥ ልጄ ከውስጥ ቀደመችኝ።

«እኔ አስነብባታለሁ ጋሼ። ከሰዓት ነፃ ነኝ፤ የጠዋት ፈረቃ ነኝ።»

በዚህ ጊዜ የሳቀ የለም። እሱ ሰንጠረዡን ከፈተ፤ ምን ላይ ሊጽፋት እንደሆነ አላየሁም። ስንት እንደሚከፍላት ልጠይቅ አፌን ስከፍት ባለቤቴ በዓይኗ ዘጋችው።

ይህን የምጽፈው ሐሙስ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ወንዱ ልጄ ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ ደብተሮቹን ደረቱ ላይ አቅፎ በር ላይ ቆሟል። እህቱ እስካሁን አልመጣችም። ቦርሳው እሷ ጋ ነው።