ፒንተረስት የጠፋበት ዓመት

ባለፈው ወር አንዲት የጨርቃ ጨርቅ ተማሪ «ሥራዬን ላሳይህ» ብላ ጣና ዳር ካለ ካፌ ቀጠረችኝ። ያሳየችኝ ግን ሥራ አልነበረም። ስልኳ ውስጥ ያጠራቀመቻቸው ፎቶዎች ናቸው። የጃፓን ስፌት፣ የሜክሲኮ ሽመና፣ የሕንድ የጨርቅ ማተሚያ። ከ600 በላይ ይሆናሉ። «ይሄን ሁሉ አይቼ ሐሳብ ደረቀብኝ» አለችኝ። ይሄን ሁሉ አይተሽማ ነው የደረቀብሽ ልላት አልኩና ማኪያቶዬን ጠጣሁ።

ልስቅባት አልችልም። እኔም እንደሷ ነበርኩ። ጨርቅና ክርን ከወረቀት፣ ከቀለም፣ ከብረታ ብረት ጋር የሚያቀላቅለውን፣ የሙያው ሰዎች ሚክስድ ሚዲያ የሚሉትን ሥራ መሞካከር ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ፒንተረስት የሚባለውን የፎቶ ማጠራቀሚያ ድረ ገጽ እከፍት ነበር። ከዚያ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ወር ሄደ፣ ሌላ ወር ሄደ። ጥሩ ጊዜ ነበር እያልኩ አይደለም። የስንቱ ሥራ ቆመ፣ ስንቱ ብር መላክ አቅቶት ተንገላታ። እኔ ግን ስለ ራሴ አንድ የሚያሳፍር ነገር አወቅሁ። ስልኩ ዝም ሲል እኔም ዝም አልኩ። አንድም የራሴ የምለው ሐሳብ አልነበረኝም።

በዚያ ሰሞን ነው አጎቴን የጠየቅኋቸው። በልጅነታቸው ቅኔ ተምረዋል፤ ባይጨርሱትም።

«አጎቴ፣ ሐሳብ ሲጠፋባችሁ ምን ታደርጉ ነበር?»

«ሐሳብ ኖረህ አልኖረህ ማን ይጠይቅሃል?» አሉኝ። «ነገራ አለብህ!»

ከዚያ በኋላ ይሄ መልስ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ጎጃም የቅኔ አገር መሆኑን ዋሸራንና ጎንጅን እየጠራን እንፎክርበታለን። ትምህርቱ እንዴት እንደሚሄድ ግን ልብ ብለን አናየውም። ተማሪው ዛፍ ሥር ወይ ጥግ ይዞ ብቻውን ይቀመጥና ቅኔ ይቆጥራል፤ ይደርሳል ማለት ነው። የቆጠረውን ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርብና ይነግራል፤ ነገራ ይሄው ነው። መምህሩ ያቃኑታል። ጀማሪ ረጅሙ ቅኔ መወድስ ላይ ዘሎ አይወጣም። መጀመሪያ ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ደግሞ ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ አዲስ መቁጠር ግድ ነው። እዚህ ውስጥ መንፈስ እስኪመጣ መጠበቅ የሚባል ነገር የለም። ትንሽ ቦታ አለ፣ ሕግ አለ፣ የሚጠብቅህ ሰው አለ። (ሰምና ወርቅን ሁሉም ሰው ስለሚያነሣው እኔ ልዝለለው።)

የኔ ክርክር ይሄው ነው። ጨርቅ ላይ ለሚሠራ ሰው መነሻ የሚሆነው የሌላ ሰው ሥራ ፎቶ አይደለም። እጁ ላይ ያለው ዕቃና ራሱ ላይ የጣለው ሕግ ነው። ፎቶ መጨረሻውን ያሳይሃል፤ ጨርቁ ሲረጥብ ምን እንደሚሆን አይነግርህም።

እኔም ለራሴ የጨርቅ ጉባኤ ቃና አወጣሁ። ሁለት ነገር ብቻ፤ አንዱ ለስላሳ፣ አንዱ ሻካራ። መጠኑ ከመዳፌ እንዳይበልጥ። ሳይመሽ እንዲያልቅ። ማታ ለአንድ ሰው እንዲታይ። የመጀመሪያው ቀን የያዝኩት ባዘቶና ዝገት ነበር። ባዘቶው እናቴ ፈትላ ሳትጨርሰው የተወችው ነው። ዝገቱ ከበር ላይ የነቀልኩት ሚስማር።

እውነቱን ለመናገር አስቀያሚ ነበር። ሁለተኛውም እንዲሁ። በስንተኛው ቀን እንደሆነ እንጃ፣ ፋግታ ለኮማ የሄደ ጓደኛዬ የዲከረንስ ቅርፊት አመጣልኝ። አዊ ውስጥ ገበሬው ይሄን ዛፍ ለከሰል ብሎ በብዛት ይተክለዋል፤ መንገዱን ያለፈበት ያውቀዋል። ቅርፊቱን እንደ ሻይ አፈላሁትና ነጭ አቡጀዲ ነከርኩበት። ቡናማ ወጣ። ከዚያ ሚስማሮቹን ጠቅልዬ አሳደርኩት። ጠዋት ስፈታው ሚስማር የነካው ቦታ ሁሉ ጠቁሯል። ቅርፊቱ ውስጥ ያለው ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር ብረት ሲያገኝ ይጠቁራል፤ ነገሩ ይሄው ነው። እኔ ግን የተቃጠለ መሬት ላይ የቆምኩ መሰለኝ። ከሰል የሚሆን ዛፍ ጨርቁን ከሰል አስመሰለው! ይሄን ፒንተረስት ላይ ፈልጌ አላገኘውም ነበር፤ ምን ብዬ እፈልገዋለሁ?

ኪሳራም ነበረው። ብረት ሲበዛ ጥጡን ይበላዋል። አንዱ ሥራዬ ገና በወራቱ እንደ ሸረሪት ድር ተበጣጠሰ። ሌላውን በእርድ አቅልሜ፣ ደስ የሚል ቢጫ ሆኖልኝ፣ አንድ ካፌ መስኮት ላይ ሰቀልኩት። ፀሐይ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ጠጥታው ነጭ ጨርቅ መለሰችልኝ። የካፌው አስተናጋጅ «አጥባችሁት ነው?» አለችኝ።

ዓይን ሲራብ የሚያየው ይቀየራል። ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የገባ ሰው ቅዱሳኑን ያያል። እኔ አሁን አሁን የማየው ጠርዙን ነው። ከጎንደር ዘመን ወዲህ ብዙ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን የጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥለው የመቅደሱ ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ናቸው። ጠርዙ የተላቀቀበት ቦታ ካገኛችሁ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ከቀለሙ ሥር ጨርቅ አለ። ከጨርቁ ሥር ጭቃ፣ ጭቃው ውስጥ ጭድ። ይሄ ሚክስድ ሚዲያ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? የቆሎ ተማሪውስ ቢሆን? ትከሻው ላይ የበግ ለምድ ደበሎ፣ ጎኑ ላይ አኮፋዳ፣ አኮፋዳው ውስጥ የየቤቱ እንጀራ ቁራሽ ተደባልቆ። ጥር 23 ቀን እንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይም ሰው ሁሉ ግልቢያውን ሲያይ እኔ ግላሱ ላይ ፈዝዤ እቀራለሁ። ቆዳ፣ ክር፣ ብረትና የፈረስ ላብ አንድ ላይ የሚኖሩበት ጨርቅ ነው።

ስፌት የሚሰፉ እናቶች ደግሞ ራሳቸውን የቻሉ ትምህርት ቤት ናቸው። ስንደዶና አክርማው ቀለም ከተነከረው አለላ ጋር እየተጠቀለለ፣ በወስፌ እየተወጋ ይዞራል። ቀድሞ ወረቀት ላይ የተነደፈ ነገር የለም። ሐረጉ ዙሩን ሞልቶ እንዲገጥም በጭንቅላት ይሰላል። አለላ ቢያልቅባቸው ሥራ አይቆምም፤ የቀለም ለውጡ ራሱ አዲስ ሐረግ ይሆናል። አሁን አሁን በአለላ ፋንታ የማዳበሪያ ጆንያ ክር ሲያስገቡ አይቻለሁ። አንዳንዱ «ባህሉ ተበላሸ» ብሎ ይቆጫል። እኔ አልቆጭም። ማዳበሪያ ለማግኘት ገበሬው ስንት ቀን እንደተሰለፈ የሚያውቅ ሰው ያንን ነጭ ክር ፕላስቲክ ብቻ ብሎ አያልፈውም።

ዓለም ላይ ስማቸው የተጠራውም ቢሆኑ በዚሁ በር ነው የገቡት። የኛው ኤልያስ ስሜ በክርና በአዝራር ሲሠራ ቆይቶ የተጣለ የኮምፒውተር ሽቦና ሰሌዳ እየጎነጎነና እየቸነከረ ትልልቅ ሥራዎች ሠራ። በ2022 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ቬኒስ ቢያናሌ በሚባለው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ትርዒት ላይ ታየ። ጋናዊው ኤል አናትሱይ የመጠጥ ጠርሙስ ቆርኪን በመዳብ ሽቦ እያሰረ እንደ ጨርቅ የሚታጠፍ ግድግዳ የሚያህል ነገር ያወጣል። ሁለቱም ዕቃውን አጠራቅመው፣ አብረውት ኖረው፣ ከዚያ ነው የጀመሩት።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ ላንሣ። ባሕር ዳር ከ1950ዎቹ ጀምሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲዋም የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ኢንስቲትዩት አለው። ይሄ ሁሉ እያለ «ከባህላችን መነሻ ወሰድኩ» የሚባለው ሥራ አብዛኛው ምንድን ነው? የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ቆርጦ ሸራ ላይ በኮላ መለጠፍ። ጥግ ላይ መስቀል፣ ሌላው ጥግ ላይ ጀበና። ለቱሪስት ይሸጥ ይሆናል፤ አልከለክልም። ግን ይሄ ከፒንተረስት መኮረጅ በምን ይሻላል? የተኮረጀው ሰው ቅርብ ስለሆነ ብቻ?

ሸማኔው ጥለቱን በድርና ማግ ቆጥሮ ነው ያወጣው። በልጅነቴ ጎረቤታችን የነበረውን ሸማኔ ሰው «ቁጢት በጣሽ» ብሎ ሲሰድበው ሰምቻለሁ። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ስድቡ ግን አዋጁን አልሰማም። አሁን ስድቡ ቀንሶ አድናቆቱ መጥቷል። አድናቆቱ ግን ብዙ ጊዜ ስም አይጠራም፣ ገንዘብም አይከፍልም። ጥለቱን ከወሰድክ ሂድና ሸማኔው ተቀምጦ የሚሠራበት ጉድጓድ አጠገብ ቁጭ በል። እግሩ መርገጫው ላይ ምን እንደሚሠራ እይ። ከዚያ የጥለቱን መልክ ሳይሆን አቆጣጠሩን ትወስዳለህ፤ ያኔ ከራስህ አዲስ ነገር መቁጠር ትችላለህ። ለሰጠህ ጊዜም ክፈለው።

እኔ የምሄድባቸው ሽማግሌ ሸማኔ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ነው የሚሠሩት። መጀመሪያ የሄድኩት የተቆረጠ ትርፍራፊ ክር ልገዛ ነበር።

«ምን ልታደርገው ነው ልጄ? ይሄ እኮ ለትራስ እንኳ አይሆንም» አሉኝ።

ሥዕል እንደምሠራበት ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና ከጠበቅሁት በላይ ዋጋ ጠሩ። ተከራከርን፤ ከፈልኩ። ስወጣ «ስትጨርስ አምጣና አሳየኝ» አሉ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ይዤላቸው ሄድኩ። የዲከረንሱ ጥቁር ጨርቅ ነው፤ በሳቸው ቀይና ቢጫ ቁራጭ ክር ዙሪያውን ጠልፌዋለሁ፤ መሐሉ ላይ ሚስማሮቹ ተሰፍተዋል። በውስጤ ኮራ ብያለሁ። ተቀበሉኝና ፊቱን ሳያዩት ገለበጡት። ጀርባውን በጣታቸው እየዳሰሱ ብዙ ቆዩ።

«ቋጠሮ በዝቷል» አሉ። «ደግሞ እዚህ ጋ ክሩን አጣድፈኸዋል። ቸኩለህ ነበር?»

ቸኩዬ ነበር። መብራት ሊጠፋ ነው ብዬ።

«በል ከዚህ ፍታና እንደገና ጀምር» ብለው መወርወሪያቸውን አነሱ። ይሄን የምጽፈው ግማሹን ፈትቼ ነው።