አርተር ፔጅን ቅዱስ አታድርጉብን

ሰሞኑን በአንድ የሕዝብ ግንኙነት ስልጠና ላይ አሰልጣኙ የአሜሪካው ስልክ ኩባንያ የኤቲ ኤንድ ቲ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ የነበረውን አርተር ፔጅ ሲያወድሱ ዋሉ። ዕድሜውን ሙሉ ለእውነት የቆመ፣ እንከን የለሽ ዜጋ ነው አሉን። አንዱ ሰልጣኝ ፔጅ ስላረቀቀው የሂሮሺማ አቶሚክ ቦምብ መግለጫ ቢጠይቃቸው፣ የታዘዘውን ነው የጻፈው ብለው አለፉት።

የታዘዘውን? ፔጅ እኮ በ1927 እ.ኤ.አ. ኩባንያው ሲጠራው ለጋዜጣ መግለጫ ብቻ አልመጣም ያለ ሰው ነው። ውሳኔ ሲወሰን እኔም ልኑርበት አለ፣ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ ገባ። የሙያው ሰዎች እስከ ዛሬ የሚያመሰግኑት ለዚሁ ነው። ታዲያ ሲመሰገን ወሳኝ፣ ሲጠየቅ ጸሐፊ ብቻ የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?

መግለጫው ኦገስት 6 ቀን 1945 በአሜሪካው ፕሬዚዳንት በትሩማን ስም ወጣ። በዋናነት ያረቀቀው የጦር ሚኒስትሩ የስቲምሰን ወዳጅ ፔጅ ነው። ሌሎችም እጃቸውን አስገብተውበታል፣ እሺ። ሲጀምር፣ ከ16 ሰዓት በፊት አንድ የአሜሪካ አውሮፕላን ሂሮሺማ በምትባል አስፈላጊ የጃፓን ጦር ሰፈር ላይ አንድ ቦምብ ጣለ ይላል። የቦምቡ ጉልበት ከ20,000 ቶን ቲኤንቲ ፈንጂ እንደሚበልጥ ይነግረናል። የወጣውን 2 ቢሊዮን ዶላርም ይነግረናል። ስለ ጨረር ግን ትንፍሽ አይልም። እዚያ እናቶችና ልጆች ይኖሩ እንደነበር የሚናገር አንድ መስመር የለውም። በዓመቱ መጨረሻ የሞተው ሰው ወደ 140,000 ደርሶ ነበር፤ አብዛኛው ሲቪል። በከተማዋ የጦር ማዘዣ ነበረ፣ አልክድም። ለዚህም ነው ዓረፍተ ነገሩ የሚያናድደኝ። ማንም ውሸት ብሎ አይይዘውም። ሰውን ግን ከከተማው ጠርጎ አውጥቶታል። ሠራተኛ በጅምላ ሲባረር «የመዋቅር ማሻሻያ» የሚል መግለጫ የሚደርሰን ሁላችን ይህን ጥበብ እናውቀዋለን።

ከጦርነቱ በኋላ የሠራው የበጎ ፈቃድ ሥራም ይወደሳል። እሱ በአመራሩ ውስጥ የነበረበት የነጻነት ዘመቻ (ክሩሴድ ፎር ፍሪደም)፣ ወደ ኮሚኒስት ምሥራቅ አውሮፓ ለሚያሰራጨው ነጻ አውሮፓ ራዲዮ ከአሜሪካውያን «የእውነት ዶላር» ይለምን ነበር። ዋናው ገንዘብ የሚመጣው ግን ከአሜሪካው የስለላ ድርጅት ከሲአይኤ ነበር። ፔጅ ይህን አያውቅም ብሎ የሚከራከር ካለ እኔ ሰሚ አይደለሁም።

እነዚያ ቢሮ ግድግዳ ላይ የሚለጠፉት የፔጅ መርሆዎች ደግሞ! እውነት ተናገር፣ በተግባር አሳይ የሚሉት። እሱ ዘርዝሮ አላስቀመጣቸውም። የሞተው በ1960 ነው። በስሙ የሚጠራው ማኅበር የተቋቋመው በ1983 ነው፤ መርሆዎቹንም በዝርዝር ያስቀመጠው ማኅበሩ ነው። በእርግጥ ንግድ የሚኖረው ሕዝብ ሲፈቅድለት ነው ማለቱ ትልቅ ሐሳብ ነው። ያንን ይውሰድ።

አሰልጣኙ በሚቀጥለው ዙር መርሆዎቹን በስላይድ ሲያሳዩ የሂሮሺማውን መግለጫም ሙሉውን ያውጡት። ሰልጣኞቹ ማንበብ ይችላሉ።